መዝሪያዋን ማን ይግፋት?

ዛሬ ጠዋት ከአጥር ማዶ የቀለጠ ሰም ሸተተኝ። የጓደኛዬ የከድጃ ጎረቤት ጧፍ እየሠሩ ነው፤ ሰሙን በብረት ድስት አቅልጠው ክሩን እየነከሩ ያሾራሉ። ሌላ ሰው ቢሆን ቤተ ክርስቲያን ነበር ትዝ የሚለው። እኔ ግን፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ ትዝ ያለኝ የዱባ ዘር ነው። ፀሐይ የመታው ቀይ አፈር፣ ጣቴ ላይ ተጣብቆ አልለቅ ያለ ሰም፣ ጆሮዬ ውስጥ ደግሞ የዚያች የባለ አንድ ጎማ መዝሪያ ሲጥ ሲጥ የሚል ድምፅ።

ሞጣ ከመጣሁ ሰንብቻለሁ። የከድጃ ባል ማረፉን ሰምቼ ነው ለቅሶ ልደርስ ከቢቸና የመጣሁት፤ ትንሽ አጽናንቻት ልመለስ ብዬ። በመጣሁ ማግስት መንገዱ ተዘጋ። ለምን ተዘጋ ብሎ የሚጠይቅ ሰው እንኳን የለም፤ እዚህ አገር መንገድ እንደ ዝናብ ሆኗል፣ ሲመጣ ይመጣል፣ ሲቀር ይቀራል። ስልኩም ሲፈልግ ይሠራል፣ ሲፈልግ ድርግም ይላል። ከድጃ ደግሞ ባሏ የሞተባት ሴት በእስልምና ደንብ የምትቀመጠውን ኢዳ ተቀምጣ ከግቢ አትወጣም። ሁለት አሮጊቶች፣ አንዷን መንገድ፣ አንዷን ኀዘን አስሮን፣ በረንዳ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠን ምስር እንለቅማለን።

"ሞጣ ስትይዝሽ ይኼ ሁለተኛሽ ነው" አለችኝ ትናንት።

ለቅሶ ቤት መሆኑን ረስተን ሳቅን።

መጀመሪያ የያዘችኝ ገና ልጅ እግር ሳለሁ ነው። ከግብርና ሥልጠና እንደወጣሁ ሞጣ ችግኝ ጣቢያ መደቡኝ። ቢቸና ተወልጄ ቢቸና ያደግሁ ልጅ ነኝ፤ ሞጣ ማለት በደብረ ወርቅና በግንደ ወይን አልፎ በዚያው መንገድ ላይ ያለ ከተማ ነው፣ ሩቅ አይባልም። ግን ያን ጊዜ አውቶቡሱ አቧራውን እየጠጣ ሲያዘግም ሌላ አገር የሄድኩ ነበር የመሰለኝ። የቆርቆሮ ሻንጣ ይዣለሁ፤ ሸራ ጫማ፣ ከጉልበት በታች የወረደ የቴትሮን ጉርድ፣ በራሴ ላይ እናቴ ከራሷ ፈትታ ያሰረችልኝ የሽፎን ሻሽ። ወንዶቹ ጠጉራቸውን አጎፍረው፣ እግሩ የሰፋ ሱሪ ለብሰው መንገድ ይጠርጉ የነበረበት ዘመን ነው። ከአውቶቡስ ማቆሚያው ወረድ ብሎ ሻይ ቤት ነበረ፤ በዐሥር ሳንቲም ሻይ ትጠጫለሽ፣ ቦምቦሊኖ ጨምረሽ ከስሙኒ መልስ ትቀበያለሽ። ሬዲዮኑ መስኮት ላይ ተቀምጦ ከጠዋት እስከ ማታ ያንጎራጉራል፤ ባለቤትየዋ ዘፈን ሲመጣ ከፍ፣ ዜና ሲመጣ ዝቅ ታደርገዋለች። ከሻይ ቤቱ ፊት ለፊት፣ ጥጉ ላይ፣ የከድጃ አባት የሐጂ ሰይድ ሱቅ ነው። አቡጀዲ፣ ካኪ፣ ፖፕሊን በጣቃ በጣቃው ተደርድሮ፣ አዲስ ጨርቅ የሚሸተው ያ ሽታ እስከ መንገድ ይወጣ ነበር። ዛሬ ያ ጥግ የሞባይል ካርድ መሸጫ ሆኗል፤ ፊት ለፊቱ ባጃጆች ተኮልኩለው ነዳጅ ይጠብቃሉ።

የጣቢያው ኃላፊ አቶ ምሕረቴ ይባላሉ፤ የካኪ ኮት የሚለብሱ፣ ሲናገሩ እጃቸውን ወደኋላ የሚያጣምሩ ደግ ሰው ነበሩ። ደግ መሆናቸውን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ የምነግራችሁ ነገር ክፉ እንዳያስመስላቸው ነው። በእሳቸው ጊዜ ነው መዝሪያዋ በእንጨት ሣጥን ታሽጋ የመጣችው። ፈትተን ገጠምናት። ከፊት አንድ ጎማ፣ ከኋላ የምትገፊበት ሁለት እጀታ፣ መሃል ላይ ዘር የሚሞላበት ቆርቆሮ። ከቆርቆሮው ሥር ዙሪያውን የተበሳ ክብ ሰሌዳ አለ፤ ጎማው ሲዞር ሰሌዳው አብሮ ይዞራል፣ እያንዳንዱ ቀዳዳ አንድ ዘር ይዞ መጥቶ ይጥላል። ከፊቱ ያለችው ስለታም ብረት ፈር ትቀዳለች፣ ከኋላ የምትጎተተው ሰንሰለት አፈር ታለብሳለች። ለባቄላና ለቀይ ሥር ተስማሚ ነበረች። አቶ ምሕረቴ የፈለጉት ግን ዱባ ነው። ዱባ ደግሞ ተጠጋግቶ አይዘራም፤ ሐረጉ መሬት ለመሬት እየተሳበ ስለሚሄድ ሰፊ ቦታ ይፈልጋል። በዚያች ሰሌዳ ከዘራሽው እንደ ጤፍ ይተፋፈጋል።

ወንዶቹ "የልጅ መጫወቻ" ብለው ናቋት። እኔ ግን ያዝኳት። ሰም አምጥቼ የሰሌዳዋን ቀዳዳዎች ደፈንኩና አንዱን ብቻ ክፍት ተውኩት። ጎማዋ አንድ ዙር ስትዞር አንድ ዘር ጠብ! ለዱባ በቂ ርቀት ሆነ። የሚቀጥለውን ፈር መሬት ላይ የምትጭር ክንድ ነበረቻት፤ ለዱባ ስላጠረች ሸምበቆ አስሬ አስረዘምኳት። ጣቢያው ውስጥ ደጋግሜ ሞከርኩ፣ አማረ። አቶ ምሕረቴ በደስታ ገበሬ ጠሩ።

ፀሐዩ የሚያቃጥልበት የበጋ ቀን ነበር። በመስኖ ያለሰለስነው መሬት ዳር ገበሬው ጋቢውን ተከናንቦ ቆመ። የመጀመሪያዎቹ ፈሮች ልክ ሆኑ። ፀሐዩ አናት ላይ ሲወጣ ቆርቆሮው ጋለ፤ ሰሙ ላላ፣ ቀዳዳዎቹ አንድ በአንድ ተከፈቱ፣ ዘሩ ከኋላዬ እንደ በቆሎ ቆሎ ይንጠባጠብ ጀመር። አላየሁም፤ አንገቴን ደፍቼ እገፋለሁ። ሳቁን ስሰማ ነው ዘወር ያልኩት። አንዱ ወዲያው ግጥም ገጠመ፦

በሬውን ፈታችው፣ ቀንበሩን ጣለችው፣
የግብርና ልጅ ዱባን በጎማ ዘራችው።

ከመሃከላቸው አንድ መሪጌታ ነበሩ፤ ቅኔ ያስተማሩ ሽማግሌ። ጎንበስ ብለው የወደቀውን ዘር አዩና "ሰሙስ ቀለጠ፤ ወርቁን ደግሞ እንጠብቃለን" አሉ። ሳቁ ባሰ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

በማግስቱ ሐጂ ሰይድ ሱቅ ክር ልገዛ ገባሁ። ሐጂ ለሶላት ወጥተው ከድጃ ብቻዋን ነበረች። ትምህርቷን ካቋረጠች በኋላ ከሱቅና ከቤት በቀር የትም አትሄድም፤ ለአንድ የየጁቤ ነጋዴ ታጭታ ቀን ይጠበቅላታል። ወሬው እሷም ጋ ደርሷል።

"ሰሙን ብቻውን ነው የጠቀጠቅሽው?" አለችኝ።

"አዎ፤ ምን ላድርግ ታዲያ?"

ከመቀስዋ ሥር የወዳደቀ የአቡጀዲ ቁራጭ ለቀመች። "ይኼን ሰሙ ውስጥ ንከሪና ጠቅልለሽ ወትፊበት። ሰሙ ቢላላ እንኳን ጨርቁ ይይዘዋል።" ቀጥላም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "ቆይ ግን፣ ስትገፊያት ትከብዳለች?" አለች።

ያቺ ጥያቄ ናት ጓደኛ ያደረገችን።

ጨርቁ ያዘ። ገበሬውን ድጋሚ ጠራን፣ ዘሩ በቦታ በቦታው ወደቀ፣ በሳምንቱ ብቅ ሲል ማሳው እንደተሰመረ ደብተር ሆነ። ያ ግጥም የገጠመብኝ ሰውዬ ሳይቀር "እቴ፣ ለኔም ትዘሪልኛለሽ?" ብሎ መጣ። ስሜ ወጣ። እኔ ደስ አለኝ፤ በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ እንዴት ልወቅ!

እናቴ ቢቸና ብቻዋን ናት። ወንድሜ ዘምቷል፤ የት እንዳለ አይታወቅም። እግሯን ያማታል፣ ያብጣል፣ በኋላ ደግሞ ዓይኔን ዳመና ጋረደኝ ማለት ጀመረች። መልእክት የምትልክብኝ በአውቶቡሱ ረዳት ነው። ረዳቱ ገና ሳይወርድ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ "የሺ! እናትሽ ቶሎ ነይልኝ ብለዋል!" ይለኛል። አቶ ምሕረቴ ዘንድ ገብቼ ወደ ቢቸና አዛውሩኝ አልኩ። አዳመጡኝ። ከልባቸው አዘኑ።

"ልጄ፣ እናት እናት ናት" አሉ። "ግን መዝሪያዋን ማን ይግፋት? በዚህ አገር እንዳንቺ የሚያውቃት የለም። ሰው ተኪና ሂጂ፣ እኔ አልከለክልሽም።"

ስንፍናዬ ቢያስረኝ ኖሮ ማንንም ባላማረርኩ። ያሰረኝ ሙገሳ ነው። ቢሮ በገባሁ ቁጥር "እሷ እኮ የጣቢያችን እጅ ናት" እየተባልኩ ከንፈሬን ነክሼ እወጣለሁ። ሙሉቀን የሚባል የጣቢያው ሠራተኛ ነበረ፤ ብርቱ፣ እጁ የተባረከ። እሱን አስተማርኩት። ፈሩን ከእኔ ይበልጥ ቀጥ አድርጎ መግፋት በጀመረበት ሰሞን ለዘመቻ ተያዘ። የተሰናበትነው በመኪና ላይ ሆኖ እጁን ሲያወዛውዝ ነው። ከዚያ በኋላ ማንን ላስተምር? ወንድ ይጠፋል፤ የቀረውም ነገ አልጠፋም ብሎ አይምልልሽም። እሑድ እሑድ ሻይ ቤቱ በረንዳ ላይ እቀመጥና አውቶቡሱ ወደ ቢቸና ሲነሣ አያለሁ። ረዳቱ "ደብረ ወርቅ፣ ቢቸና!" እያለ ይጣራል፣ በሩን መታ መታ ያደርጋል፣ አቧራው ይነሣል። እግር እያለኝ፣ መንገዱ ክፍት ሆኖ፣ መሄድ የማልችል ሰው ሆንኩ። ፈቃድ ሳይዙ ሥራ ጥሎ መሄድ ያን ጊዜ እንደ ዛሬ ቀላል አልነበረም፤ የሚያስጠይቅ ነገር ነው፤ ከዚያም በላይ ለእናቴ የምልክላት ከደመወዜ ነው።

ከድጃ ጨርቅ አደርሳለሁ እያለች ጣቢያው ድረስ መምጣት ጀምራ ነበር። አንድ ቀን ነጠላዋን አጥር ላይ ጥላ እጀታውን ያዘች። መጀመሪያ ጎማው እየጠመዘዘ አስቸገራት፤ ቀጥሎ ቀና ብላ፣ ዓይኗን ማሳው ጫፍ ላይ ተክላ፣ እንደ ክር ወጥራ ገፋቻት። ስትመለስ ፊቷ በላብ ተነክሮ ያበራል።

"እኔን ተኪ" አለችኝ።

"አብደሻል? ሐጂ ምን ይላሉ?"

"አንቺ መውጣት ትፈልጊያለሽ። እኔም መውጣት እፈልጋለሁ። አንቺ ወዲያ፣ እኔ ወዲህ። ምን የሚያስቸግር ነገር አለው?"

አቶ ምሕረቴ "ሴት አይደለችም እንዴ?" ሳይሉ "አባቷ ከፈቀዱ" አሉ። ወንድ ያለቀበት ጊዜ ነው። እኔም መሪጌታን ይዤ ሱቅ ሄድኩ፤ ሐጂና መሪጌታ በዕርቅ ሽምግልና አብረው የሚቀመጡ የድሮ ወዳጆች ናቸው። ሐጂ ሰይድ ክርናቸውን ጣቃ ላይ አስደግፈው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

"ልጄ ከጭቃ ጋር ልትውል?" አሉ።

"ሐጂ፣ እኔም የሰው ልጅ ነኝ፤ ከጭቃ ጋር እየዋልኩ ነው" አልኩ። ከአፌ ካመለጠኝ በኋላ ደነገጥኩ።

መሪጌታ ሳል ሳል አሉ። ሐጂ ግን አልተቆጡም። በማግስቱ ከዘራቸውን ይዘው ማሳው ድረስ መጡ። አዲስ የተዘራው ገና ብቅ ማለቱ ነበር፤ እዚህ አንድ ቡቃያ፣ እዚያ ማዶ አንድ ቡቃያ፣ መሃሉ ባዶ አፈር።

"ይኼ ሁሉ መሬት ባክኖ የለም እንዴ?"

"ሐረጉ የሚሄድበት ነው" አለቻቸው ከድጃ ከኋላዬ። "አባባ፣ ክረምቱ ሲወጣ ይመልከቱት።"

"እንግዲያው ክረምቱ ሲወጣ አይቼ እነግራችኋለሁ" ብለው ሄዱ።

ለእሳቸው ቀላል ቃል ነው። ለእኔ አንድ ክረምት ነው። ያ ክረምት እንዴት እንዳለፈ አልነግራችሁም፣ አያልቅም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፣ አውቶቡሱ በጭቃው የተነሣ አንዳንድ ሳምንት ጭራሽ አይመጣም፣ ሲመጣም ረዳቱ ዓይኔን አያይም፤ "ደኅና ናቸው፣ ደኅና ናቸው" ብሎ ዕቃ ማውረድ ይጀምራል። ቶሎ ነይ ማለቱን ሲተው ነው የፈራሁት። ዱባው ግን ስለኔ ምን ገዶት! ሐረጉን ዘርግቶ፣ ያንን ባዶ አፈር ሸፍኖ፣ ቅጠሉ እንደ ጃንጥላ ተደራርቦ ማሳው መረገጫ አጣ። በየቀኑ ላየው እሄዳለሁ፤ እንዲያ ያማረ ነገር አይቼ እንዲያ የጠላሁት ነገር የለም።

መስከረም ጠብቶ ሐጂ መጡ። በዳር በዳሩ ዞሩ። በከዘራቸው ቅጠሉን ገለጥ እያደረጉ አዩ፤ በየቅጠሉ ሥር ዱባ ተኝቷል። አንዱን አስቆርጠው በጋቢያቸው ጠቅልለው ያዙ።

"ለየጁቤው ሰው መልእክት እልካለሁ" አሉ። "ሥራ ያላት ልጅ ከፈለገ ይምጣ። ካልፈለገ አላህ ያውቃል።"

ሰውየው አልመጣም። ከድጃም አላለቀሰችም።

ቢቸና የገባሁት ከሰዓት በኋላ ነው። እናቴ በራፉ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ፊቷን ወደ ፀሐይ ሰጥታለች። ሻንጣዬን ይዤ ፊት ለፊቷ ቆምኩ። አየችኝ ብዬ ፈገግ አልኩ። እሷ ግን እንደተቀመጠች "ማነው?" አለች።

"እኔ ነኝ፣ እማዬ። የሺ ነኝ።"

እጇን ዘረጋች። ፊቴን ከግንባሬ ጀምራ እስከ አገጬ ዳሰሰችው፤ ሻሿን ራሴ ላይ አገኘችው፣ ቋጠሮውን ነካችው።

"ከስተሻል" አለች። ከዚያ ደግሞ "መዝሪያዋንስ ማን ይገፋታል?"

ረዳቱ ሁሉንም ነግሯት ኖሯል። ለልጇ ሥራ አስባ፣ ተጨንቃ ነው የጠየቀችኝ። እግሯ ሥር ተቀምጬ ጎረቤት እስኪሰበሰብ አለቀስኩ። ዓይኗ የጠፋው በዚያው ክረምት ነው። ቶሎ ብመጣ ይድን ነበር ወይ? ሐኪሞቹ አንዱ አዎ፣ አንዱ አይ አሉኝ። እኔም እስከ ዛሬ አንዴ አዎን፣ አንዴ አይን እያመንኩ አለሁ።

ከዚያ ወዲህ የት ሄጄ! እናቴ የቀሚሴን ጫፍ ይዛ ነው የምትውለው። ቢሮ ወረቀት የማገላብጥበት ሥራ ሰጡኝ፤ ማሳ ከሩቅ በመስኮት ነው የማየው። አግብቼ ወለድኩ፤ ባሌ ደኅና ሰው ነበር፣ ነፍሱን ይማርና። እናቴ ዕድሜ ሰጥቷት ረጅም ዘመን ኖረች፤ አንድ ቀን ስለ እሷ አላማረርኩም፣ አንድ ቀንም ከቤት ርቄ አላደርኩም። ከድጃ ግን በየአጥቢያው መዝሪያዋን እየገፋች ዱባ፣ ሐብሐብ፣ ጥቅል ጎመን ሳይቀር እያዘራች አገር አወቃት። ኋላ የጣቢያው ኃላፊ ሆነች። የመስኖውን ቦይ ይቆፍር የነበረውን ኑሩን ራሷ ወዳ አገባችው፤ አሁን የሞተባት እሱ ነው። መዝሪያዋስ? አርጅታ መጋዘን ገባች፤ ጎማዋን አንዱ ለጋሪ ወሰደው ይባላል። በእኔ ላይ የተዘጋው ቦታ ለእሷ በር ሆነ። ቀንቼ አውቃለሁ ወይ ብላችሁ፣ አዎ ቀንቻለሁ። ግን በእሷ መቅናት ወንድምሽ ሲበላ እያየሽ እንደመራብ ነው፤ ጥጋቡም ትንሽ ይደርስሻል።

ዛሬ ይኼን እያሰብኩ ሰሙን ሳሸት፣ ረፋዱ ላይ የከድጃ የልጅ ልጅ እየሮጠች ገባች። "እማማ የሺ፣ መንገዱ ተከፍቷል አሉ! የቢቸና አውቶቡስ እየጫነ ነው!"

ያለችኝን ጨርቅ ጠቀለልኩ። ከድጃ እስከ ግቢው በር ሸኘችኝ፤ ከዚያ ማለፍ አትችልም። ተቃቀፍን። "እንግዲህ በሕይወት ያገናኘን" አለች። "አሜን" አልኩ። ሁለታችንም ዕድሜያችንን እናውቃለን።

አውቶቡሱ ውስጥ ገባሁ፣ መስኮት ዳር ተቀመጥኩ። ሞላ። ሞተሩ ተነሣ። ቀኑን ሙሉ እንደተነሣ ቆየ። ሾፌሩ ወረደ፣ ከሆኑ ሰዎች ጋር ተነጋገረ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ወረደ። በመጨረሻ ረዳቱ ገብቶ "ውረዱ" አለ። "ዛሬ አይሆንም።" መቼ ይሆናል ያለው የለም። አንዲት እናት ሕፃን አዝላ "ምነው ገና ሳንሳፈር ብትነግሩን" አለች፤ የተናገረችውም እሷ ብቻ ናት። ሌሎቻችን ዕቃችንን ይዘን ወረድን።

ባጃጅ ስላልነበረ በእግሬ ነው የተመለስኩት። ከድጃ በረንዳው ላይ ናት። ለክርስቲያን እንግዳ ለይታ በምታስቀምጠው ድስት ሽሮ ሠርታ፣ መሶቡን ከድና፣ ከፊቷ አድርጋ ተቀምጣለች። ለውጣ የለበሰችው ምንም የለም፤ ያው ከጠዋት የነበረችበት ቦታ።

"እንደምመለስ ታውቂ ነበር?" አልኳት።

"አላውቅም" አለች። "ልትሄጂ ነው ብዬ ሳለቅስ ነበር የዋልኩት። ግን ምሳዬን ብቻዬን መብላት አቃተኝ።"

ጨርቄን በራፉ ላይ አስቀመጥኩ። እጄን ታጠብኩ። መሶቡን ከፈተችው።